ዲኑን ለሁለት የከፈልኩ ጊዜ

ምረቃው ቅዳሜ ነው፣ መጽሔቱ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰልን። አምስት ካርቶን። ቀለሙ ገና ይሸታል። አንዱን ነጥቄ በቀጥታ መሃሉን ከፈትኩት፣ ምክንያቱም እዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ የተዘረጋ የመምህራንና የተመራቂዎች ፎቶ አለ፣ ሁለት ወር የለፋሁት ለእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ግራው ላይ ግጥም። ቀኙ ላይ ግማሽ ሕዝብ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የኮሌጃችን ዲን አንድ ትከሻ፣ አንድ ዓይንና ግማሽ ከረባት። የቀረውን የዲኑን ግማሽ ለማግኘት ገጹን መገልበጥ ያስፈልጋል።

የምሠራው አዳማ፣ አንድ ኮሌጅ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮ ሲባል እኔና አንድ ፕሪንተር። የምረቃ መጽሔት ስናዘጋጅ ሁሌም የሚያስፈራኝ የስም ነገር ነበር፤ አንዷ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ካልተጻፈልኝ ትላለች፣ ሌላው ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፋይል ላክ ስትለው እንደ ፎቶ ይልክና ተጨማምቆ ይደርስሃል፣ ሲታተም ጭጋግ ነው። ይሄን ሁሉ ተወጣሁት። ስሞቹን ሦስት ሰው አነበባቸው። 32 ገጽ፣ ሽፋኑን ሳይጨምር፣ ልክ እንዳቀድነው።

ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ዲኑ ጠሩኝ። የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት ተረስቷል። «አንድ ገጽ ብቻ ናት» አሉኝ። መልእክቷን ገጽ 3 ላይ አስገባሁና ገጽ ብዛቱ እንዳይበላሽ መጨረሻ ላይ የነበረውን የጓደኞች ፊርማ ገጽ አወጣሁ። አሁንም 32። በራሴ ኮራሁ። ሌይአውት፣ ማለትም የገጾቹን አቀማመጥ፣ የሚሠራልን ልጅ ስልክ ላይ «ስፕሬዱ ይሰበራልኮ» አለኝ። ስፕሬድ የሚሉት ጎን ለጎን የሚዘረጉትን ሁለት ገጾች መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር መስሎኝ «ሰብረህ ጨርስ» አልኩት። ፕሩፉን፣ ከመታተሙ በፊት የሚታየውን ናሙና፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በስልኬ አየሁት፣ ገጽ በገጽ፣ ወደ ታች እየገፋሁ። ሁሉም ገጽ አለ። «ይታተም» ብዬ ጻፍኩ። 600 ኮፒ።

ሐሙስ ዕለት አንዱን ቅጂ ይዤ ማተሚያ ቤቱ ስሮጥ ማሽኑ ላይ ያረጁት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ መጽሔቱን እንኳን አልከፈቱትም። ሁለት ባዶ ወረቀት አንስተው ደራርበው መሃል ላይ አጠፉና፣ በእርሳስ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉበት። ከዚያ ፈቱት። «1 ከማን ጋር ነው ያለው?» አሉኝ። ከ8 ጋር። 2 ከ7 ጋር። በአንድ ወረቀት ፊት ጎን ለጎን የሚውሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁሌም ከገጹ ብዛት በአንድ ይበልጣሉ፤ የኛው 32 ስለሆነ 33 መምጣት አለበት። 16 እና 17፣ 33። ይሄ የመሃሉ ነው፣ ፎቶው ሳይቆረጥ በአንድ ወረቀት ላይ የሚዘረጋበት ብቸኛ ቦታ። እኔ በአንዷ ገጽ ገፍቼ 17 እና 18 ላይ ጣልኩት። 17 እና 18 ደግሞ የአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ከመጀመሪያው ወረቀት አጥፈሽ ብታይው ኖሮ» አሉ ጋሼ። ከዚያ ፊቴን አይተው መሰለኝ ዝም አሉ።

ያዳነን ምን መሰላችሁ? ጥፋቱ መሃል መሆኑ። ይህ መጽሔት ጀርባው ላይ በሽቦ የሚመታ ዓይነት ነው፣ የሽቦው እግሮች ወደ ውስጥ፣ መሃሉ ላይ ነው የሚታጠፉት። ስለዚህ ከስምንቱ ወረቀቶች ሌላውን ሳትነካ ልታወጣት የምትችለው የመጨረሻዋን፣ የመሃሏን ብቻ ናት። ግጥሙን ከፎቶው ኋላ አዙረን ገጽ 18 ላይ አደረግነውና ፎቶው ወደ 16 እና 17 ተመለሰ። ያቺን አንድ ወረቀት ብቻ ዲጂታል ማሽን ላይ 600 ጊዜ አስደገምን። ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ቀላ ይላል፤ ካልተነገረው ማንም አያየውም።

አርብ ማታ እኔ፣ ሌይአውቱን የሠራው ልጅ፣ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞችና ሻይ ልታመጣልን መጥታ የቀረች የካፌዋ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጠን ሽቦ ስንፈታ አመሸን። በቢላ ጫፍ እግሮቹን ቀና ታደርጋለህ፣ አሮጌዋን ታወጣለህ፣ አዲሷን ታስገባለህ፣ በማንኪያ ጀርባ ትጫናለህ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። በስልክ ባትሪ ቀጠልን። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አለቀ፣ አውራ ጣቴ ለሳምንት አላጎነበሰልኝም።

ቅዳሜ ዲኑ መጽሔቱን መሃሉን ከፍተው እንግዶቹን አሳዩ፣ ሙሉ ሆነው። «ግሩም ነው» አሉኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። አልነገርኳቸውም።

ያላየሁትን ስህተት የነገረኝ ግን አንድ ተመራቂ ነበር፣ ጋዎኑን እንኳን ሳያወልቅ መጥቶ። ግጥሙን የጻፈው እሱ ነው። ማውጫው ላይ ገጽ 16 ይላል፣ 16 ላይ ደግሞ የሰው መዓት እንጂ ግጥም የለም፣ እናቱ ቁጭ ብላ ስትፈልግ አጣችው።