አባዬ እና የኔ ጣት

ዛሬ የአባዬ የስዕል ኤግዚቢሽን ላይ ነበርኩ፣ ሰዉ "ጥልቀቱ" ምናምን ሲል እኔ አፍንጫዬ ላይ የመጣብኝ ተርፐንታይን (የቀለም ማቅጠኛው) ነው ሃሃሃ። ልጅነቴ ሙሉ እሱን እሱን ነው የሚሸተኝ፣ ሹራቤ ሁላ።

አንድ ሰውዬ የሰማያዊዋ ሴትዮ ስዕል ፊት ቆሞ ለጓደኛው ብቸኝነትን ነው የሚያሳየው እያለ ያስረዳል፣ እኔ ደሞ በሆዴ ኧረ ያቺ እማዬ ናት፣ አባዬ 3 ሰዓት ሙሉ አትንቀሳቀሺ ብሏት ተናዳ ነው እንደዛ የሆነችው እላለሁ። (ግን እሱም ልክ ሊሆን ይችላል እኮ...)

ከዛ ጠጋ ብዬ የታችኛውን ጥግ አየሁት። አለች! የጣቴ አሻራ። 5 ዓመቴ አካባቢ ደርቋል ብዬ ነክቼው... የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተኖ አይደለም የሚደርቀው፣ ተልባ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ቀስ እያለ ነው የሚጠነክረው፣ ላዩ የደረቀ ይመስልና ወፈር ያለው ቦታ ውስጡ ለወራት ለስላሳ ነው። እኔ ይሄን የት አውቄ። ይጮህብኛል ብዬ አልጋ ስር ተደበቅኩ፣ እሱ ግን አልጮኸም፣ አላስተካከለውምም። ዝም ብሎ ተወው።

ሰዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1938 ልጁን ማያን ከነአሻንጉሊቷ ስሏታል፣ አባዬ ግን እኔን አንድም ቀን ስሎኝ አያውቅም፣ እውነት ለመናገር በዚህ ለዓመታት አኩርፌው ነበር። ዛሬ ጥበቃው "እህት፣ እባክሽ ከስዕሉ ራቅ በይ" ሲለኝ የኔ ጣት እኮ ነው ልለው ስል ሳቄ አመለጠኝ።