ግድግዳውን ተዉት፣ መስኮቱን ተጠቀሙ

የምኖረውም የምሠራውም አዲስ አበባ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ሥራዬ የሕንፃ ንድፎችን ወደ ባለ ሦስት አውታር ምስል መቀየር ስለሆነ ኮምፒውተሬ አርቲኤክስ 3090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ አለው። ካርዱ ሬንደር ላይ ሲሆን፣ ማለትም ንድፉን አስልቶ ምስል ሲያወጣ፣ ብቻውን እስከ 350 ዋት ይወስዳል፤ ፕሮሰሰሩና ሁለቱ ስክሪኖች ሲጨመሩ ከሶኬቱ የሚሳበው ወደ 600 ዋት ይጠጋል። ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ፣ በሩን ዘግቼ ስሠራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሼ አጠገቡ እንደመቀመጥ ነው። በበጋ ከቀትር በኋላ ቴርሞሜትሩ 36 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ብዙ ገንዘብና ከዚያም የሚበልጥ ንዴት ይተርፈኝ ነበር።

ቀላሉን አስቀድማለሁ። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የካርዱን የኃይል ጣሪያ አውርዱ። እኔ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከ350 ወደ 280 ዋት አወረድኩት፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሬንደር ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ነው፣ 70 ዋት ሙቀት ግን በነፃ ቀረልኝ። የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ጎን ከፍቶ መሥራትና የጠረጴዛ ቬንትሌተር ማዞር ግን ክፍሉን አያቀዘቅዙም፤ ያንኑ ትኩስ አየር ያማስሉታል እንጂ ከቤት አያስወጡትም።

ኮምፒውተሩን የሸጡልኝም፣ ያማከርኳቸውም ሁሉ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ) ግዛ አሉኝ። እኔ ግን አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ኮምፒውተር ኤሲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። 600 ዋት በሰዓት ወደ 2,050 ቢቲዩ ነው (ቢቲዩ የኤሲ አቅም የሚነገርበት የሙቀት መለኪያ ነው)፤ ገበያ ላይ ከሚገኙት የግድግዳ ኤሲዎች አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ የሚባለው 9,000 ቢቲዩ ነው። ውጭ ያለው አየር ቀን 23 ወይም 24 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ በሚሆንበት ከተማ የሚያስፈልገው አየሩን ማቀዝቀዝ ሳይሆን የሞቀውን ማስወጣት ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ለሚኖር ሰው ይህ ምክር አይሠራም።

እዚህ ላይ የውጭ አገር መመሪያዎች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይቀላል፤ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 600 ዋት ሙቀት አስወጥቶ ክፍሉ ከሚገባው አየር ከ6 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ለማድረግ በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 300 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ሲበቃ፣ እኛ ጋ 390 ያህል ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ መረብና ክንብል ሳይገጠም የተለካ ነው። ስለዚህ ለማእድ ቤት ከሚሸጡት የአየር ማስወጫ ቬንትሌተሮች ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩን ገዛሁ።

የቀረው የውጩን ብሎኬት በስቶ መግጠም ነበር። ቤቱ የግሌ ነው፤ የውጩ ግድግዳ ግን የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግልና የጋራ የሚለውን ይለያልና፣ ሕግ አክባሪ ልሁን ብዬ ለሕንፃው ማኅበር ኮሚቴ ማመልከቻ አስገባሁ። ሰብሳቢው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ ወረቀቱን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ልጄ፣ ኮምፒውተር የሌለው ቤት የለም፤ ለኮምፒውተር ብሎ ግድግዳ የበሳ ግን አላየሁም» አሉኝ። የጎረቤቶችን ፊርማ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ከሥሬ ያሉት እትዬ ቡና አፍልተው ፈረሙልኝ፤ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ ግን ወፍጮ ልተክል መስሎት ወሬውን በየደረጃው ነዛው።

ፊርማው ሲሟላ ጉዳዩ ከኮሚቴው አቅም በላይ ሆነና ወደ ወረዳ ተመራሁ። እዚያ የነበረው ባለሙያ ደብዳቤዬን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር አየና፣ ቃል በቃል የማስታውሰውን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «የንግድ ሥራ ከሆነ በመኖሪያ ቤት አይፈቀድም፤ የንግድ ሥራ ካልሆነ ደግሞ ቬንትሌተሩ ለምን አስፈለገ?» መልስ ብሰጥም የሚጽፈው አልነበረም። ቀጥሎ ቀዳዳው ሕንፃውን እንደማይጎዳ የመሐንዲስ ማረጋገጫ ተጠየቅኩ። ሕንፃውን የተሸከሙት የኮንክሪት ምሰሶዎቹና ቢሞቹ ናቸው፤ ብሎኬቱ በመካከላቸው ክፍተት የሚሞላ እንጂ ጭነት የሚሸከም አይደለም፤ ይህንንም አንድ ወዳጄ መሐንዲስ በአንድ ገጽ ጽፎ ፈረመበት። ወረቀቱ ቲተር የለውም ተብሎ ተመለሰ። ቲተር ተመትቶበት ስመጣ ደግሞ ፋይሌ ከመዝገብ ቤት ጠፋ፤ ሲገኝም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን መመላለሱ አይደለም። በእኛው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኤሲ የተሰቀለበት ቤት አለ። ቱቦው ያንኑ ግድግዳ በስቶ ወጥቷል፤ ከዚያም አልፎ ከባዱ የውጭ ማሽን በብረት ተይዞ ከመተላለፊያው በላይ ተንጠልጥሏል፤ ውሃውም በአላፊ አግዳሚው ላይ ይንጠባጠባል። ይህን ለወረዳው ባለሙያ ሳነሳበት ቅር ሳይለው «እሱማ ኤሲ ነው፣ የታወቀ ነገር ነው። ኤሲ ብለህ ጽፈህ አምጣ፣ ዛሬውኑ እንመራልሃለን» አለኝ። የሚያስጨንቃቸው ግድግዳው ሳይሆን ቅጹ ላይ የሌለ ቃል ነበር። ደብዳቤዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

እናም የምመክረው ግልጽ ነው፤ ፈቃድ ጠይቁ የሚለውን ደንብ አከብራለሁ፣ ነገር ግን ፈቃድ የማያስፈልገው መንገድ እያለ ማመልከቻ መጻፍ አያስፈልግም። ብረት ሠሪ ጠራሁ፤ ከመስኮቴ የላይኛውን ትንሽ መስታወት አወጣና ቬንትሌተሩ ልክ የተቆረጠ ላሜራ ተካበት፤ ዳርዳሩን በሲሊኮን ዘጋው፤ ለክረምቱ ዝናብ ከውጭ ክንብል አደረገለት። ከምሳ በፊት አለቀ። ቤቱን መሸጥ ብፈልግ መስታወቱን መልሼ እገጥመዋለሁ። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከግድግዳው ቀዳዳ ይልቅ የመስኮቱ አናት የተሻለ ቦታ ሆኖ ተገኝቷል።

ቬንትሌተር ግን የሚያስወጣውን ያህል ካልገባለት በከንቱ ይጮኻል። በሩን ዘግታችሁ ቁራጭ ሶፍት ከበሩ ሥር ያዙ፤ ወደ ውስጥ ተስቦ ከተርገበገበ አየር እየገባ ነው፤ በሩ ለመክፈት ከከበደ ደግሞ ማስገቢያው ጠቧል። እኔ የበሩን ግርጌ ቆርጬ አሰፋሁት። በመጀመሪያው ሳምንት የገባልኝ አየር የማእድ ቤቱ የቁሌት ጢስ ነበር፤ ከአቧራ ጋር ሲገናኝ የካርዱ ክንፎች ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል። አሁን በማስገቢያው ላይ አቡጀዲ ወጥሬ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ፤ ወጥ በሚሠራበት ሰዓት የማእድ ቤቱ በር ይዘጋል።

አሁን ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 ዲግሪ አያልፍም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ቆርቆሮው በሚግልበት ቀትር፣ ይህም አይበቃም፤ ያኔ ከባዱን ሬንደር ለሌሊት አሳድረዋለሁ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ላይ ከሆነ ቬንትሌተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት። መብራት ሲጠፋ እሱ ቆሞ ካርዱ ከቀጠለ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ይከማቻል፤ ማብሪያው በጣት የሚጫን ዓይነት ከሆነም መብራት ሲመለስ ራሱ አይነሳም፣ እናንተ ደግሞ ተኝታችኋል።