«ግማሹን ስጪኝ»፦ ደንቢያ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቼ የተማርሁት

ጎንደር አካባቢ፣ በደንቢያ ወረዳ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብላ በምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ መድኃኒት መደብር ከከፈትሁ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ጎንደር ፒያሳ ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ከተማ ላይ ሰው ማዘዣ ይዞ ይመጣል፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ ይሄዳል። እዚህ ግን አብዛኛው ሰው የሚመጣው ሕመሙን ብቻ ይዞ ነው። ይህን ሳላውቅ ገባሁበት።

ደንቢያን የመረጥሁት የእናቴ አገር ስለሆነና ወባው ስለማይለቀው ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ለመቋቋሙ አንዱ ምክንያት በዚሁ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ነበር። አያቴ ያንን ዘመን ስታነሣ ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። ዛሬም ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ቤቴ በሰው ይሞላል።

መጀመሪያ ፈቃድ። መድኃኒት መመዝገብ፣ ወደ አገር የሚገባውን መቆጣጠር፣ ጥራቱን መመርመር የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። እንደ እኔ ያለውን ችርቻሮ ቤት ግን የሚያየው የአካባቢው የጤና መዋቅር ነው። ደረጃም አለው፦ ፋርማሲ በፋርማሲስት ይመራል፣ መድኃኒት መደብር ከዚያ በታች በሠለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ፣ የገጠር መድኃኒት ቤት ደግሞ ባለሙያ በማይገኝበት ቦታ በጤና ረዳት ወይም በነርስ ሲሠራ የቆየ ነው። እያንዳንዱ ሊይዝ የሚችለው የመድኃኒት ዝርዝር ይለያያል።

የተከራየሁትን የመጀመሪያ ክፍል ተቆጣጣሪው አልተቀበለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ሰቅሎ አሳየኝ፤ 34 ዲግሪ። አብዛኛው መድኃኒት ማሸጊያው ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። የስድስት ወር ኪራይ ከፍዬ ስለነበር በጣም ተናደድሁ፣ ጉቦ ፈልጎ ነው ብዬም ጠረጠርሁ። ሰውየው ግን ወረቀቱን ጽፎ ሄደ፣ ሌላ አልጠየቀኝም። ኮርኒስ አስመታሁ፣ በስተኋላ መስኮት አስከፈትሁ፣ መደርደሪያውን ከወለሉና ከግድግዳው አራቅሁ፣ የእጅ መታጠቢያ አስገባሁ። ዛሬ በገበያ ቀን ፀሐይ ላይ ማዳበሪያ ዘርግቶ እንክብል የሚቸረችር ሰው ሳይ ልቤ ይደማል፤ ያ ካፕሱል ቀልጦ ሲጣበቅ አይቻለሁና።

ዋናውን ነገር ያስተማረኝ ግን አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ጤና ጣቢያ ደሙን ተመርምሮ ወባ ተገኝቶበታል፤ እዚያ መድኃኒቱ ስላለቀ ማዘዣውን ይዞ መጣ። ኮአርተም ነው የታዘዘለት፦ 24 ፍሬ፣ ለ3 ቀን፣ በአንድ ጊዜ 4። ገንዘቡን ቆጠረና «እህቴ፣ ግማሹን ስጪኝ፤ ሌላውን በገበያ ቀን እወስዳለሁ» አለኝ። አዝኜለት ሰጠሁት። በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ጤፍ አረም ገባ፣ ቀሪውንም ሳይወስድ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቃሬዛ ተሸክመውት በደጄ አለፉ። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ማዘዣው በእጄ ነበር፣ መጠኑ ተጽፎበት ነበር፣ ያጎደልሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የወባ መድኃኒት አጉድዬ አልሰጥም። ገንዘብ ያነሰው ሙሉውን በዱቤ ይወስዳል። ይህን ብቻዬን አልችለውም ነበርና የዕድሩን ዳኛ አማከርሁ። ሽማግሌው «ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለመዳኛው ብንዋስ ምን አለበት?» አሉኝ። አሁን የዕድሩ አባል ከሆነ ዕድሩ ይዋሰዋል፤ ሽምብራው ተወቅቶ ሲሸጥ ይከፍላል። ግን ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጠይቀው «ጤና ጣቢያ ሄደሃል? የጤና መድኅን አባል ነህ?» ብዬ ነው። በነፃ የሚያገኘውን መድኃኒት እኔ ልሸጥለት አይገባም።

ማስረዳቱም ሥራ ነው፣ እንዲያውም ከሽያጩ ይበልጣል። ኮአርተም ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚወሰደው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ። «ከስምንት ሰዓት በኋላ» ስላቸው «ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ» ብለው የሚሰሙ ነበሩ። አሁን «አሁን 3 ሰዓት ላይ እዚሁ ትውጫለሽ፣ ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ ከብት ሲገባ ትደግሚያለሽ» እላለሁ። ማንበብ ለማይችል ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ፣ የፍሬውን ቁጥር በጭረት። ከዚያ መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ስትጠየቅ «እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» ብላ የምትወጣ እናት እንዳልገባት የማውቀው ያኔ ነው።

ጾሙ ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ሰዎች የጠዋቱን ይዘሉታል ወይም በባዶ ሆድ ይውጡታል። «ጾሙን ተው» ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም። «የንስሐ አባትህን ጠይቅ» እላለሁ፣ ወተት አልወስድም ላለ ዘይት ያለው ሽሮ ወይም ኑግ እመክራለሁ። አንድ ቄስ ይህን ሰምተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩልኝ፤ የእኔ የዓመት ልፋት ያላመጣውን የእሳቸው አንድ ንግግር አመጣው።

እምቢ ማለትን የተማርሁት ቀስ ብዬ ነው። «ያን ቀይና ጥቁሩን ስጪኝ» ይላሉ፣ አንቲባዮቲክ ካፕሱሉን ማለታቸው ነው፣ ለጉንፋንም፣ ለወገብም። «መርፌ ውጊኝ» ይላሉ። በመጀመሪያው ዓመት «ሕግ ይከለክለኛል» እያልሁ መለስኋቸው፣ ብዙዎቹ ቀሩብኝ። ሕግ ሲባል ሰው መንግሥትን ነው የሚያስበው፣ ራሱን አያስብም። ምክንያቱን መናገር ስጀምር ነገሩ ተለወጠ፦ «እማማ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ተወግቶ እዚሁ ሊወድቅብኝ ይችላል፤ የማነሣበት ነገር የለኝም፤ ጤና ጣቢያ ግን አለ።» አሁን አብዛኞቹ ሰምተው ይሄዳሉ፤ ተመልሰውም ይመጣሉ።

አንድ ልጅ ኮትሪሞክሳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ወስዶ ሰውነቱ በሽፍታ ተሞልቶ ሲመጣብኝ መድኃኒቱን አስቁሜ ወደ ጤና ጣቢያ ላክሁት፣ ቢጫውንም ቅጽ ሞላሁ። መድኃኒት ያደረሰው ጉዳት የሚመዘገብበት ቅጽ ነው፤ ለባለሥልጣኑ በነፃ መስመር 8482 መደወልም ይቻላል። ገጠር ያለን ባለሙያዎች ይህን ቅጽ የሆስፒታል ብቻ አድርገን እንተወዋለን፤ እኔ አጥብቄ የምለው ግን ሙሉት ነው።

የቀረኝ ኢንሱሊን ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይበላሻል፤ የእኛ መብራት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቃል። የስኳር ሕመምተኞቻችን እስከ ጎንደር ይመላለሳሉ። የፀሐይ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ከዕድሩ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ የሙቀት መዝገቡን ጠዋትና ማታ የሚይዝ ሰው እንዲኖር ረዳቴን ማሠልጠን ጀምሬአለሁ። ቀጣዩ ስብሰባ የሚካኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው።