ደሙ ከቆመ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምንጽፈው ወንድማችን ዲያቆኑ «ከተረፍኩ ይነገርልኝ» ብሎ ለቅዱስ ገብርኤል ስለተሳለ ነው። እኛ በቀዶ ሕክምና የምናገለግል ስለሆንን ድንቁን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም እንናገራለን። ይህ የሆነው በአሜሪካ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጾመ ነቢያት፣ ታኅሣሥ 1 ቀን፣ በዓሣ ወጥ ነው። (በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወዋለን።) ሦስት ሴንቲ ሜትር የምትሆን አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች። ቤተሰቡም ሁላችን ቤት የሚደረገውን አደረገ፤ ደረቅ እንጀራ ጠቅልሎ በትልቁ አጎረሰው። አጥንቷ ወረደች፣ ሆድ ግን አልደረሰችም። የምግብ ቧንቧ ከፊት ጥርስ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ አኦርታ፣ ታጥፎ በሚያልፍበት ቦታ፣ ይጠባል። እዚያ ላይ ከኋላ የሚገፋ ጉርሻ አጥንትን እንደ ወስፌ ወደ ግድግዳው ይሰካዋል።

ዘጠኝ ቀን ደረቱ መሐል እያመመው የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ። በዐሥረኛው ቀን አንድ የቡና ስኒ የሚሞላ ደማቅ ቀይ ደም ተፋ። እናቱ ተንበርክከው «ገብርኤል፣ ደሙን አቁምልኝ» አሉ። ደሙም ቆመ።

ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። የደረት ሕመም፣ ጥቂት ደማቅ ደም፣ ቀጥሎ ጸጥታ፤ ኪያሪ የተባለው ሐኪም በ1914 እ.ኤ.አ. የጻፈው ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ከጸጥታው በኋላ የሚመጣው ጎርፍ ነው። በአኦርታና በምግብ ቧንቧ መካከል የተከፈተውን ቀዳዳ የደፈነው የረጋ ደም ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ጠንካራ ሳል ወይም ማስታወክ ሊነቅለው ይችላል። ጸጥታው ሰዓታት ሊሆን ይችላል፣ ቀናትም ሊሆን ይችላል። የተዋጠ ባዕድ ነገር ካመጣው እንዲህ ያለ ቀዳዳ የተረፈ ሰው በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ገና በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ወንድማችን «ድኛለሁ፣ ስእለቴን ላድርስ» ሲል፣ እኅቱ እምቢ ብላ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችው። የጸሎቱን መልስ እኛ ያየነው በደሙ መቆም ብቻ ሳይሆን በተሰጠው ጊዜም ነው።

ድንገተኛ ክፍል ያገኙት ሐኪም ደም ለተፋ ሰው እንደሚደረገው ወደ ኢንዶስኮፒ (በአፍ ገብቶ ውስጡን የሚያሳይ ካሜራ ያለው ቱቦ) አልሮጡም፤ የሚነፋው አየርና መሣሪያው የረጋውን ደም ሊያፈናቅሉት ይችላሉ። በአፍንጫም ቱቦ አላስገቡም። መጀመሪያ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ተነሣ፦ አጥንቷ፣ የአኦርታው ትንሽ እብጠት፣ አጠገቡም የአየር ነጥቦች። የላይኛው የደም ግፊት 90 አካባቢ እንዲቆይ ተደረገ፤ ከዚያ በላይ መሙላት ቡሹን መግፋት ነው። ሁለት ወፍራም መርፌ፣ ስድስት ከረጢት ደም፣ ብዙ ዓይነት ጀርም የሚገድል አንቲባዮቲክና የፈንገስ መድኃኒት ተዘጋጀ። በዚያው ሌሊት በብሽሽቱ በኩል በጨርቅ የተሸፈነ ስቴንት፣ ማለትም የደም ሥሩን ከውስጥ የሚደግፍ የሽቦ ቱቦ፣ አኦርታው ውስጥ ገባ። የአኦርታው ስፋት 24 ሚሊ ሜትር ስለነበር ባለ 28 ተመረጠ፤ ቢጠብ ይንሸራተታል፣ በጣም ቢሰፋ ይታጠፋል።

ብዙ ሰው ምስክርነቱን እዚህ ይዘጋል። ነገር ግን ስቴንት ደም ያቆማል እንጂ የምግብ ቧንቧውን ቀዳዳ አይዘጋም። ምራቅና ጀርም ጨርቁ ላይ ይፈስሳል፤ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ መግል ይይዝና ደሙ ይመለሳል። ስለዚህ በሚካኤል ዕለት፣ ታኅሣሥ 12፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ጎድን መካከል ግራ ደረቱ ተከፈተ። የግራው ሳንባ አየር ወጥቶለት፣ የታችኛው አካል በፓምፕ ደም እያገኘ፣ የተበከለው አኦርታ ከነስቴንቱ ወጣ። በምትኩ ከሟች ለጋሽ ተወስዶ በቅዝቃዜ የተቀመጠ አኦርታ ተሰፋ። (እሱ ካልተገኘ፣ ለሳንባ ነቀርሳ በምናውቀው ሪፋምፒሲን የተነከረ ሰው ሠራሽ ቱቦ ይገባል።) የምግብ ቧንቧው ወጣ፤ የሆድ ሞራም ወደ ደረት ተስቦ አዲሱን አኦርታ አለበሰው፤ የራሱ ደም ያለው ሕይወት ያለው ሥጋ ኢንፌክሽንን ይቋቋማልና።

እኛን ያስፈራን ህብለ ሰረሰሩ ነበር። አኦርታ ሲታሠር ህብለ ሰረሰሩ ደም ካጣ፣ ሰው ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ይነቃል። ሲነቃ የተጠየቀው የመጀመሪያ ነገር «የእግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ» ነበር። ዐሥሩም ተንቀሳቀሱ። በገብርኤል ዕለት ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጣ። ድምፁ ግን ሻከረ፤ የግራው የድምፅ ነርቭ በአኦርታው ሥር ዞሮ የሚያልፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረውን መከራ የሚያውቀው እሱ ነው። ከምግብ ቧንቧው የተረፈው የላይኛው ጫፍ በግራ አንገቱ ወጥቶ ከረጢት ላይ ተገጥሟል፤ የዋጠው ሁሉ፣ ምራቁም ጭምር፣ እዚያው ይወጣል። ምግቡ በሆዱ በኩል ትንሹ አንጀት ውስጥ በገባ ቱቦ ነበር። ሥጋ ወደሙን መቀበል አልቻለም፤ ወደ ከረጢት የሚወርድ እንዴት ይቀበላል? ጠበል ከንፈሩን እያስነካ ከረመ።

በመጋቢት መጨረሻ ጨጓራው እንደ ቱቦ ተሠርቶ ከደረት አጥንቱ ኋላ እስከ አንገቱ ተስቦ ከተረፈው ጫፍ ጋር ተሰፋ። በሰባተኛው ቀን በቀለም ሲታይ የሚያፈስ ቦታ አልተገኘም፤ ውኃ በማንኪያ ጀመረ። ግንቦት 1፣ በልደታ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ «አሜን» ብሎ ቆረበ። እናቱ ዓይናቸውን ከአንገቱ ላይ አላነሡም። ቆዳው ደረቅ ነበር።