ሁለት ኩባያ ማንጎ ስንት ኪሎ ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ሰፈር፣ ፍራፍሬ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ኢንተርኔት ላይ የማገኛቸው የኬክና የማርማላታ አሰራሮች ግን «ሁለት ኩባያ ማንጎ»፣ «አንድ ኩባያ ሙዝ» ይላሉ። ታዲያ ስንት ኪሎ ልግዛ? ይህን ለማወቅ ብዬ ነው ዲጂታል ሚዛን የገዛሁት።

የጀመርኩት ከኩባያው ነው። ባዶውን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ዜሮ አደረግኩ፤ ከዚያ ውሃ ሞላሁበት። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን፣ የሚወጣው ቁጥር ኩባያው ስንት እንደሚይዝ ይነግራል። የአሜሪካ አሰራር የሚለው ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የአውስትራሊያው 250 ነው። የእኛ የሻይ ብርጭቆ ከሁለቱም በጣም ያንሳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ላይ 240 ጋ ፕላስተር ለጠፍኩ። እስካሁን መለኪያዬ እሱ ነው።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከእንጆሪ ነው። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ አንድ ኩባያ ድፍን እንጆሪ 144 ግራም ነው። ሲከተፍ 166፣ ሲጨፈለቅ ደግሞ 232 ይሆናል። ያው ኩባያ፣ ያው እንጆሪ! ልዩነቱ በመሃል ያለው አየር ነው። ፓፓያም እንደዚሁ ነው፦ ተከትፎ 145፣ ተጨፍልቆ 230። ሙዝ ደግሞ ተከትፎ 150፣ ተጨፍልቆ 225። ቁጥሮቹን ልብ በሉ፤ ፍራፍሬ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከተጨፈለቀ በኋላ ሁሉም ወደ 230 ይጠጋል። ይህን አንድ ቁጥር መያዝ ብቻ ብዙ ያግዛል። የተከተፈ ከሆነ ግን አከታተፉ ይወስነዋል። አሰራሩ የሚለካው ከመክተፍ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እኔ ይህን ሳላጣራ ቢላ አላነሳም።

ቀጥሎ ገበያው አለ። የምንከፍለው ለልጣጩም ለውስጥ ፍሬውም ጭምር ነው። ከአንድ ኪሎ ሙዝ ልጣጩ ሲወጣ 640 ግራም ገደማ ይቀራል። ከማንጎ 690 አካባቢ፣ ከአናናስ ደግሞ ግማሽ ያህሉ። ማንጎው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የማዘወትራት ሻጭ «ይኼኛውን ውሰጂ የኔ እህት፣ የውስጥ ፍሬው ቀጭን ነው» ስትለኝ እሰማታለሁ። ሚዛኑም እውነቷን እንደሆነ ያሳያል።

በግራም መሥራት ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ለማርማላታ ነው። አራት ኩባያ የተጨፈለቀ እንጆሪ 930 ግራም ያህል ነው። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ስለሆነ፣ ስኳሩን ከእንጆሪው ጋር በክብደት ማመጣጠን ቀላል ይሆናል። ሙቀቱን ግን እንዳለ አትከተሉት። ለባህር ጠለል የተጻፈ አሰራር 104 ዲግሪ፣ ማለትም ውሃ እዚያ ከሚፈላበት 4 ዲግሪ በላይ፣ እስኪደርስ ጠብቁ ይላል። አዲስ አበባ አካባቢ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 104 የሚጠብቅ ሰው ማርማላታው ይደርቅበታል። እኔ 96 አካባቢ ሲደርስ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ መርጋቱን አያለሁ። ግራሙ ግን ደጋም ቆላም ያው ነው።

አሁን ጎረቤቶቼ አሰራር ሲጠይቁኝ «ሁለት ኩባያ ማንጎ» በማለት ፋንታ እንዲህ ብዬ ነው የምጽፍላቸው፦ ማንጎ፣ ተልጦ በትንንሹ የተከተፈ፣ 330 ግራም፤ ከገበያ ግማሽ ኪሎ ይበቃል።