ታንክ የተሸከምኩባቸው ስምንት ደቂቃዎች

የእኔ ሥራ ውሃ ውስጥ አይደለም። ጀልባ ላይ ነው የምቀረው። ሌሎቹ የአየር ታንክ አዝለው ይጠልቃሉ፣ እኔ ሰሌዳና እርሳስ ይዤ እጠብቃለሁ። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ በስንት ባር (የአየሩ ግፊት መለኪያ ነው) አየር ገባ፣ እስከ ስንት ሜትር ሊወርድ ነው፣ መቼ ይመለሳል፤ ይኼን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ውሃውን አያለሁ። ከሩቅ ለሚያየኝ ፀሐይ የምሞቅ ነው የምመስለው። ለዚህ ይመስለኛል ሥራ የፈታሁ እንዳልመስል የሆነ ነገር ላይ እጄን የማላጣው። አንዱ ታንክ ሲከብደው አግዛለሁ። አንዷ ፊኗ፣ የመዋኛ ጫማዋ፣ ከእግሯ አልወጣ ሲላት ጎንበስ ብዬ እስባለሁ። «ቀልጣፋ ልጅ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። በስሙም ትንሽ እኮራ ነበር።

የዚያን ቀን ስምንት ጠላቂዎች ነበሩ፣ ሁለት ሁለት ሆነው። ጀልባችን ወደ ባሕሩ ወለል በሚወርድ ገመድ ታስራ ቆማለች፣ ሞተሯ ጠፍቷል። ነጭና ሰማያዊዋ የአልፋ ባንዲራም ተሰቅላለች፤ «ጠላቂ ውሃ ውስጥ አለ፣ ራቁ፣ ቀስ በሉ» ማለት ነች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ከጠዋቱ 3፡12 ገቡ። ሰሌዳዬ ላይ «20 ሜትር፣ 45 ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ። መመለሻቸው 3፡57 ነው።

3፡50 ላይ ሦስተኛዎቹ ጥንዶች መሰላሉ ሥር ብቅ አሉ። ሴትየዋ አቅሟ አልቋል። የውሃው ፍሰት በርትቶ ወደ ጀልባው የተመለሰችው እየታገለች ነው። መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ግን አንድ እግር ማንሳት አቅቷታል። እኔም ሰሌዳዬን ወንበር ላይ ደፋሁት። ደፋሁት ስል በጽሑፉ በኩል ወደ ታች ማለቴ ነው፤ ይቺ ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ የክብደት ቀበቶዋን ተቀበልኳት። ቀጥሎ ታንኩን፤ ወደ 15 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ ፊኑን። ስትወጣ ውሃ ሰጠኋት። ራስ ምታት አለሽ ወይ፣ መገጣጠሚያሽን ያምሻል ወይ፣ ይደነዝዝሻል ወይ እያልኩ ጠየቅኳት። መጠየቅ አለበት፤ ከጥልቀት የወጣ ሰው ድካምና ከግፊት ለውጥ የሚመጣ ሕመም መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ። ታንኩንም ወስጄ ቦታው ላይ አሰርኩ። ከዚያ የጓደኛዋንም አሰርኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ቀና ስል 3፡58 ሆኗል። ሰሌዳውን ገለበጥኩት። የመጨረሻው መስመር ላይ የተመለሱበት ሰዓት ባዶ ነው።

አሁን ይመጣሉ ብዬ መሰላሉ ሥር አየሁ። የማሰሪያውን ገመድ ተከትዬ አረፋ ፈለግኩ። ማዕበሉ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ስለነበር አረፋ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። ሁለት ደቂቃ እንዲሁ አቃጠልኩ። ከዚያ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ካፒቴኑን ጠራኋቸው።

ካፒቴናችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቶሎ የማይቆጡ ሰው ናቸው። ሞተር ያስነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ባዶ ጀሪካን አነሱና ከጀልባው ፊት ወረወሩ። «ሰዓት ያዝ» አሉኝ። ግራ ገብቶኝ ያዝኩ። ጀሪካኑ ጎናችንን ይዞ ሄዶ በኋላ በኩል አለፈ። 24 ሰከንድ። ጀልባዋ 12 ሜትር ናት። «በሰከንድ ግማሽ ሜትር፣ በመርከበኛ መለኪያ አንድ ኖት ማለት ነው» አሉ። «በደቂቃ 30 ሜትር። አቅጣጫውንም አየህ።» በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ሰዎቹ ወዴት እንደሄዱና በምን ፍጥነት እንደሚርቁ ከጀሪካን ተረዱ።

የወጡትን ስድስቱን ጠየቁ፤ ማን መጨረሻ አያቸው? ድካም የጣላት ሴትዮ ናት መልሱ ያላት። 3፡47 ላይ ከታች ወደ ላይ ሲጀምሩ አይታቸዋለች፣ ከማሰሪያው ገመድ ራቅ ብለው። ሁሉም ነገር እዚህች ላይ ተፈታ። ከ20 ሜትር በዝግታ ሲወጡ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። 5 ሜትር ላይ ለደህንነት ሦስት ደቂቃ ይቆማሉ። ገመድ ያልያዘ ጠላቂ የቆመ ይመስለዋል እንጂ ውሃው ይዞት እየሄደ ነው። ስለዚህ ራሳቸውን ብቅ ሲያደርጉ 3፡52 ገደማ ነው፣ ከእኛም ከ150 ሜትር በላይ ርቀዋል። እኔ በዚያች ሰዓት የክብደት ቀበቶ እያንጠለጠልኩ ነበር።

ካፒቴኑ በጀልባዋ የቪኤችኤፍ ራዲዮ፣ በአደጋ መጥሪያው ቻናል 16 ላይ «ፓን-ፓን» (አስቸኳይ ጥሪ ማለት ነው) ብለው ሦስት ጊዜ ጠሩና ያለንበትን ቦታና የጠፉትን ሰዎች ቁጥር ተናገሩ። ሳይፈልጉ ለምን ቸኮሉ ብዬ ነበር በልቤ። በኋላ ሲያስረዱኝ፣ ካገኘን መሰረዝ ቀላል ነው፤ ካላገኘን ግን የባከነችውን ሩብ ሰዓት የሚመልስልን የለም። ሞተሩም ወዲያው አልተነሳም። መጀመሪያ አንዱ ጠላቂ ማስክ አድርጎ መሰላሉ ላይ ሆኖ ራሱን ውሃ ውስጥ ነከረና ከጀልባዋ ሥር ማንም እንደሌለ አየ። ፕሮፔለር ሰው አይለይም። 4፡05 ላይ ማሰሪያውን ፈታን።

ስድስቱንም ከፋፈሏቸው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የባሕር ቁራጭ፤ «ከድርሻህ ዓይንህን አታንሳ፣ ያየ ሰው በእጁ ይጠቁም፣ እስክንደርስ እጁን አያውርድ።» እኔ ጣሪያው ላይ ወጣሁ።

ስለ 1998ቱ አደጋ ያኔ ነው የታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ፣ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ጠልቀው ሳሉ ጀልባዋ ጥላቸው ተመለሰች። ቆጠራው ተሳስቶ ነው። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ጀልባዋ ላይ የቀረው ዕቃቸው ሲታይ። አልተገኙም። የእኛ ባዶ መስመር ቢያንስ ሁለት ሰው እንደጎደለ ነግራናለች፣ ዘግይታም ቢሆን።

የሰው ራስ ባሕር ላይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ፈልጎ ያላየ አያውቅም። አትታይም ብል ይቀላል። የታየን ቡዩ ነው፤ ጠላቂዎች ከታች ነፍተው የሚልኩት ረጅም ብርቱካናማ ቱቦ። እሱም የሚታየው እኛም እነሱም እኩል ማዕበል ጫፍ ላይ ስንወጣ ብቻ ነው። ከጠላቂዎቹ አንዱ ጮኸ፣ እጁን ዘረጋ፣ እስክንደርስ ድረስ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ። 4፡09። ወደ 700 ሜትር ርቀዋል።

ካፒቴኑ ትንሽ ሲቀረን ሞተሩን አጠፉ። ገመድ ወረወርኩ፣ ያዙ። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ። የኦክስጅን ዕቃውን አውጥተን አጠገባቸው አኖርን፣ ግን አላስፈለገም። ፓን-ፓኑም ተሰረዘ።

ሰውየው ፎጣ ተከናንቦ ትንሽ ካረፈ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «ቢጫው ቲሸርት ያንተ ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጀርባህን ነበር የምናየው። እጃችንን አውለበለብን፣ ፊሽካ ነፋን። ነፋሱ ወደ እኛ ነበርና አልሰማህም መሰለኝ። ጎንበስ ቀና ትላለህ። ‹አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል› ስንባባል ነበር።»

የተናገረው በቁጣ አይደለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ካፒቴኑ ጠሩኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር። «ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ሁለት ጤነኛ ሰዎች ቀድመው ወጥተው ስልካቸውን ሲነካኩ፣ አንተ ታንክ የምትሸከመው ለምንድን ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሴትየዋን መርዳት ስህተት አልነበረም፤ አንድ ሰው ሊረዳት ይገባ ነበር። ያ ሰው እኔ መሆን አልነበረብኝም።

ሰሌዳውን በገመድ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ቃጭል ያሰረች ፍየል መሰልኩ፣ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ልሄድ ብል እንኳ ሰሌዳውን ለሌላ ሰው አንገት ላይ አውልቄ አስራለሁ፣ «ሁለት ቀርተዋል» እለዋለሁ፣ እሱም «ሁለት፣ ይዣለሁ» ካላለኝ አልንቀሳቀስም። ስም ሲጠራም እያንዳንዱ በራሱ አፍ «አለሁ» ይላል። ጓደኛው «እሱ አለ፣ እዚያ ጋ ነው» ቢል አልጽፍም። አንዳንዱ ይሰለቻል፣ ይሰልች።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ሰው መሰላሉ ላይ ሆኖ ታንኩን ዘረጋልኝ። «ያዝልኝ እንጂ ወንድም!» አለ። ዓይኔን ከውሃው ሳላነሳ ከኋላዬ ያለውን ልጅ በስሙ ጠራሁት። ሰውየው ገና ሳይወጣ ምን ዓይነት ትዕቢተኛ ነው ሲል ሰማሁ። ቀልጣፋው ልጅ ትዕቢተኛ ተባለ። ሁለት ሰው ይቀረኝ ስለነበር አልመለስኩለትም።