ሁለቱ አዝሙዶች ዘመዳሞች አይደሉም

ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው ይሸጣሉ፤ ስም ይጋራሉ፤ በርበሬ ውስጥም አብረው ይገባሉ። ዝምድናቸው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ስም እንዲህ የሚያታልልበትም እውነት የሚናገርበትም ጊዜ አለ፤ ከወጥ ቤት እንጀምር። ጥቁሩ ድፎ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው፣ ሦስት ማዕዘን ያለው ፍሬ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኒጄላ ሳቲቫ ሲሆን፣ የሚመደብበት ቤተሰብ የሚታወቀው በቅመም ሳይሆን በአበባ ነው። ነጩ (እሱም ቢሆን ነጭ አይደለም፤ ግራጫ ቢጤ ቡናማ ነው) ዣንጥላ የመሰለ አበባ ከሚያወጣው ከካሮት ወገን ነው። የነጭ አዝሙድ የሥጋ ዘመዶች ድንብላል፣ እንስላልና ከሙን ናቸው።

ነጭ አዝሙድን በጣት አሽታችሁ ብታሸቱት ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ይህ አፍንጫ የፈጠረው ነገር አይደለም። የነጭ አዝሙድ ዘይት ዋና ክፍል ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ከደጋ የሚለቀመው ጦስኝ ውስጥም ይኸው ቲሞል አለ። አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ ስለሚገባም "መድኃኒት መድኃኒት ይላል" የሚሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። ቲሞል ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ቅባት ውስጥ ግን ደህና አድርጎ ይሟሟል። ነጭ አዝሙድ ቅቤ ሲነጠር ቢገባ ጠረኑ ጎልቶ የሚወጣው፣ ባዶ ውኃ ላይ ቢነሰነስ ግን እንደ ገለባ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው።

ሁለቱን አዝሙዶች በአንድ ምጣድ አብሮ ማመስ የተለመደ ስህተት ነው። የነጩ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ ጥቁሩ ገና ሲሞቅ ነጩ ዘይቱን ለአየር ሰጥቶ ጨርሷል። ቤቱ በጣም ደስ የሚል ሽታ ከሸተተ ያ ሽታ ከቅመሙ ወጥቷል ማለት ነው፤ ወጡ ውስጥ አታገኙትም። ለየብቻ፣ በለሰለሰ እሳት፣ እጅ ላይ ሞቅ እስኪል ብቻ አምሶ ማውረድ ይበቃል።

ኮረሪማም የራሱ ጉድ አለው። ኮረሪማና ሄል ሁለቱም ከዝንጅብል ቤተሰብ ስለሆኑ እዚህ ላይ ዘሩም ምላሱም አይጣሉም፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መተካት ያስኬዳል። ሄል ግን ስለታም ስለሆነ በኮረሪማው ልክ ከገባ ወጡን ሻይ ያስመስለዋል፤ ከግማሽ በታች ይበቃል። የሁለቱም ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሲኒዮል ደግሞ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን ቀቅለን የምንታጠነው የነጭ ባሕር ዛፍ ዋና ዘይት ነው። ኮረሪማ በብዛት የገባበት ቅቤ አፍንጫ የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠል እሳት ሲነካው ቦግ የሚለውም በዘይቱ ነው፤ ቶሎ የሚነድና ከምጣዱ ሥር እኩል የሚዳረስ ነበልባል ለሚፈልገው የእንጀራ ምጣድ የሚመረጠው ለዚሁ ነው።

ባሕር ዛፍ ስሙ የማይዋሽ ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር እስከ መታሰብ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በቆሎን "የባሕር ማሽላ" የሚሉት ሰዎችም እውነት ተናግረዋል፤ በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ነው የመጣው። ከባሕር ማዶ ለመጣ ነገር "ባሕር" የሚል ታርጋ ለጥፎ በሚያውቁት ስም መጥራት ብልህ አሠራር ነው።

በርበሬ ግን ይህ ታርጋ አልተለጠፈበትም። እሱም ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ከክሪስቶፈር ኮሎምበስ ጉዞ በፊት ከአሜሪካ ውጭ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ከእስያ ነው፤ በዘርም በአገርም ከቀዩ በርበሬ ጋር አይገናኝም። የቁንዶ በርበሬ እውነተኛ ዘመድ "በርበሬ" የሚል ስም የሌለው ጥምዝ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚለቀመው፣ ጭስ ጭስ የሚለው ረዘም ያለ ፍሬ። ሁለቱም ፓይፐር የሚባለው ወገን ናቸው። ቁንዶ በርበሬ ለመከለሻ ከጠፋባችሁ ከሚጥሚጣ ይልቅ ጥምዝ መሞከር ይሻላል።

ታዲያ ምላሳችን ለምን ቀዩንም ቁንዶውንም በርበሬ "አቃጠለኝ" ይላል? የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በቀዩ ውስጥ ካፕሳይሲን፣ በቁንዶው ውስጥ ፓይፐሪን ይባላል። ሁለቱም የሚቀሰቅሱት ግን አንድ ዓይነት የነርቭ ተቀባይ ነው፤ ያ ተቀባይ ደግሞ በተፈጥሮ ሥራው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ሲደርስ "እሳት ነው" ብሎ ለአንጎል የሚናገር ነው። ይህን ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። እንግዲህ ከድስት የወረደ ትኩስ ወጥ ከቀዘቀዘው ይልቅ የሚያቃጥለው የሙቀቱና የበርበሬው ክስ አንድ ዳኛ ፊት ስለሚቀርብ ነው። ወፎች ላይ ይኸው ተቀባይ ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም። ዶሮ ሚጥሚጣ ብትለቅም ምንም አይላትም፤ በዶሮ ወጥ ጉዳይ የምትቃጠለው ከታረደች በኋላ ብቻ ነው።

የሚያቃጥለው የዛላው ፍሬ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ካፕሳይሲን የሚመረተው ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጣ ያለ ሥጋ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚያቃጥለው ያ ስለነካው ነው። ለቃሪያ ስንግ ፍሬውን አራግፋችሁ ነጩን ጅማት ከተዋችሁት ምንም አልሠራችሁም። አፍ ሲቃጠል ውኃ መጠጣትም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ ካፕሳይሲን ውኃ ውስጥ አይሟሟምና ውኃው ወደ ጉሮሮ ይገፋዋል እንጂ አያጥበውም። እርጎና አይብ የሚያስታግሱት የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ይዞ ስለሚወስደው ነው። ክትፎ ጎን አይብ የሚቀመጠው ለጌጥ አይደለም።

በርበሬ ከመፍጨት በፊት የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ድርቀቱ። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ከተደለዘ በኋላ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ዛላው ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ከተለመጠ አልደረሰም፤ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ሳይደርስ የተፈጨ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ይጓጉላል፣ ቀጥሎም ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬን ላዩን ገፎ መጠቀም አይገባም፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ማመስም መቀቀልም አያጠፋውም። የደረሰውን ደግሞ በሚያሳይ ጠርሙስ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ቀለሙን በብርሃን ማስበላት ነው።

ወደ ቅቤ እንምጣ፤ ብዙ ቅመም በከንቱ የሚጠፋው እዚያ ነው። የሱቅ ቅቤ 80 ከመቶ ገደማ ስብ፣ 16 ከመቶ ገደማ ውኃ፣ የቀረው የወተት ዝቃጭ ነው፤ የገጠር ቅቤ ውኃውም አሬራውም ይበዛል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ለ1 ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ (ከልጣጩ ወጥቶ የተከተከተ)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ ከዚያው ያነሰ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ፣ ቅቤው ገና ሲንጫጫ ያስገባ።

የዚያን ጫጫታ ትርጉም ማወቅ ግማሹ ሙያ ነው። ቅቤው ሲፈላ የሚሰማው ድምፅ የውኃው ነው። ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ምንም አያርም። አረፋው እየተገፈፈ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በለሰለሰ እሳት ሲቆይ ድምፁ ይቀንስና ዝም ይላል፤ ውኃው አለቀ ማለት ነው። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ሥር የተኛው ዝቃጭም ይቀላል፣ ትንሽ ከተዘናጉ ያርራል። ያረረ ዝቃጭ የነካው ቅቤ መራራ ነው፤ ማዳኛ የለውም። ኮሰረቱና ኮረሪማው የሚገቡት ድምፁ ሊያልቅ ሲል ነው። ወዲያው ወርዶ፣ አሥር ደቂቃ አርፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ የመጨረሻው ዝቃጭ ድስቱ ውስጥ ይቅር፤ አንድ ማንኪያ ለማትረፍ ተብሎ የተጨመቀ ዝቃጭ ማሰሮውን ሙሉ ያበላሻል። ከኪሎው 800 ግራም ገደማ ከወጣ በትክክል ተነጥሯል። ሙሉ ኪሎው ከወጣ ውኃው አለ፤ ሰንብቶ ይሻግታል። እርጥብ ማንኪያ ማስገባትም ያው ውኃ መልሶ መጨመር ነው።

በስሙ የሚያታልለውን ዝርዝር ከመዝጋቴ በፊት ስኳር ድንች። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር መሆኑ ይነገራል። የድንች ዘመዶች ቲማቲምና፣ አዎ፣ በርበሬ ናቸው፤ ስኳር ድንች ከሌላ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ ለእራት ይጠቅማል፤ የስኳር ድንች ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ የድንች ቅጠልና ፀሐይ ነክቶት የአረንጓዴ ቀለም ያወጣ ድንች ግን ሶላኒን የሚባል መርዝ አለባቸው።

ሥነ ጽሑፍ ላይ ሲደረስ ስሞቹ ከወጥ ቤቶቹ ይልቅ ታማኝ ናቸው። ሰምና ወርቅ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ጭቃው ሳይደርቅ ከተጣደፈ በእንፋሎት ይሰነጠቃል፤ መተንፈሻ ካልተተወለት ወርቁ ውስጥ አረፋ ይቀራል። ብዙ ሰው ሰምን "የወርቁ መሸፈኛ" ይለዋል፤ ሰሙ ግን ቅርጽ ሰጪው ነው፤ ሰሙ ካልተሳካ ወርቁም አያምርም። የቆየውን ግጥም እንይ፦

እጸ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

አዳምና መድኃኔ ዓለም ሰም ናቸው፤ ከንፈርሽና ልቤ ከጎናቸው የተቀመጡ ወርቆች። ሁሉን የሚሸከመው "ተሰቀለ" ነው፤ ለመድኃኔ ዓለም መስቀል፣ ለልብ ደግሞ በፍቅር መንጠልጠል ሆኖ ይገባል። ግሱን "ሞተ" ብትሉት አፍቃሪው ይቀራል፤ "ናፈቀ" ብትሉት ስቅለቱ ይቀራል።

"ልብ ወለድ" የሚለውም የአንድ መጽሐፍ ስም ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ "ጦቢያ" በሚል ስም የታወቀው ሥራ "ልብ ወለድ ታሪክ" ተብሎ ነው የወጣው። ልብ የወለደው ታሪክ። ዛሬ ዘርፉ በሙሉ የሚጠራው በእርሱ ነው።

የሳምንቱ ቀኖችም ቁጥሮች ናቸው፤ እሑድ አንድ፣ ሰኞ (ሰኑይ) ሁለት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት። በግእዝ ሠሉስ የነበረው ሦስተኛው ቀን በአማርኛ ቁጥሩን ጥሎ "ማግስተ ሰኞ" ሆነ፤ ማክሰኞ። ዓርብ የሰንበት መግቢያ፣ ቅዳሜ ደግሞ ቀዳሚት ሰንበት። በዚህ አቆጣጠር ሳምንቱ የሚጀምረው በእሑድ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሰው ሁለተኛ ቀኑ ላይ ነው።

ባቡር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ከሚለው ቃል የተገኘ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ጭስና እንፋሎት እያወጣ ስለነበር ስሙ ትክክል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ባቡሩ ውስጥ እንፋሎት የሚታየው አንድ ተሳፋሪ የሻይ ፔርሙስ ከከፈተ ብቻ ነው።